ሃምሳ ሁለት ሙት ጋላክሲዎች

ናርዶስ ሙላቱ ሃምሳ ሁለት ጋላክሲዎች ሞተዋል ብላ ስትጽፍ የተቀየማት ሰው አልነበረም። የሟች ዘመድ አልመጣም፣ እድርም አልተጠራም። ጋላክሲ ማለት በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት በአንድነት የሰፈሩበት ትልቅ አገር ነው። ሞተ የሚባለው ደግሞ አዲስ ኮከብ መውለድ ሲያቆም ነው፤ ያሉት እያረጁ ይሄዳሉ፣ የሚተካቸው አይመጣም። የናርዶስ ሃምሳ ሁለቱ ገና በለጋነታቸው መውለድ ያቆሙ ስለነበሩ ነገሩ በሙያዋ ሰዎች ዘንድ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። አራት ዓመት የለፋችውም ለዚሁ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ተምራ ዶክትሬቷን ይዛ ከተመለሰች ወዲህ ወልድያ በሚገኘው አላውሃ ሳይንስ ኮሌጅ ታስተምራለች። ቴሌስኮፕ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። ሌሎች ሕዋ ላይ ባቆሟቸው ቴሌስኮፖች ያነሱትን ምስል በኢንተርኔት ታወርድና ቀን ቀን ቢሮዋ ተቀምጣ ትመረምራለች። ቀና ብላ ሰማዩን የምታየው ልብስ አስጥታ እንደሆነ ብቻ ነው።

ችግሯ አማርኛው ነበር። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሏት «ከዋክብት አጠናለሁ» ትላለች፤ ሰዉ የሚሰማው ግን «ኮከብ እቆጥራለሁ» ብሎ ነው። ቤት ያከራየቻት ሴትዮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት የልጇንና የእጮኛውን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ በበር ሥር አስገብታላታለች። የባጃጅ ሾፌሮች ዕጣ ፈንታቸውን ይጠይቋታል። አንዱማ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ያልፍ እንደሆነ ጠየቃት፤ በዚያች ሰዓት እሷን አሳፍሮ ቁልቁለቱን እየወረደ ስለነበር መልሱን ሳትነግረው «እዚህ ጋ ወራጅ አለ» ብላ ወረደች።

የካቲት ላይ ሁለት ነገር ተደራረበባት።

አንደኛው ከመጽሔቱ የመጣ ደብዳቤ ነው። ጥናቷን ስማቸው ያልተገለጸ ሦስት ገምጋሚዎች አይተውታል። ሁለቱ ወደውታል። ሦስተኛው ግን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ተመራማሪዋ ቀይ ሆኖ የታያትን ሁሉ ሙት ብላለች። ቀይ ያደረገው አቧራ ቢሆንስ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልልቆቹ ወጣት ከዋክብት ሰማያዊ ናቸው፤ ቶሎ ነደው ያልቃሉ። የሚተርፉት አሮጌዎቹ ቀይ ናቸው። ስለዚህ ልጅ የማይወለድበት ጋላክሲ ቀይ ይሆናል። ነገር ግን ጋላክሲው በአቧራ ከተሸፈነ፣ ከአቧራው ኋላ ስንት ጨቅላ ቢንጫጫ፣ ከሩቅ ሲያዩት ያው ቀይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ዓይን የማያየውን፣ የሞቀ አቧራ የሚረጨውን ጨረር ያነሳ ሌላ ምስል ማየት ያስፈልጋል። ምስሉ አለ። ናርዶስም መኖሩን ታውቃለች። ግን በኮሌጁ ኢንተርኔት ለማውረድ ሳምንታት ይፈጃል። ደግሞም ኬፕታውን ላይ ጉባኤ ፊት ቆማ ሃምሳ ሁለት ብላ ተጨብጭቦላታል። ስለዚህ ምስሉን በማውረድ ፈንታ ለገምጋሚው ዘጠኝ ገጽ መልስ አዘጋጀችለት። መልሱ በጨዋ ቋንቋ «ደደብ ነህ» የሚል ነበር። ገና አልላከችውም፤ በየቀኑ ታሳምረዋለች።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከሀይሉ ነው። ሀይሉ መልካም ሰው ነው፤ ቅጽ ሲያይ ግን ይለወጣል።

«ናርዶስ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚለው ሣጥንሽ ባዶ ነው» አላት።

«ምን ልሙላበት?»

«የእንስሳት ሳይንሶቹ የሐብሩን ዶሮዎች ከትበዋል። አራት ሺህ ዶሮ። አንቺስ? ኮሚቴው የሚጠይቀኝ ጋላክሲው ለሐብሩ ወረዳ ምን ጠቀመ ብሎ ነው።»

«ሐብሩ ወረዳ ያለው ጋላክሲ ውስጥ ነው።»

ሀይሉ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱን ብንጽፍ ኮሚቴው አይስቅም። ተሰብሳቢ፣ ፊርማና ፎቶ ነው የሚፈልጉት። ባዶ ከሆነ ትልቁን ኮምፒውተር ለዶሮዎቹ ይሰጡታል።»

ያለዚያ ኮምፒውተር ናርዶስ አንድም ጋላክሲ መመርመር አትችልም። ተናድዳ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ አክስቷ ዘንድ፣ እዚያው ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ወዳለችው መርሳ ሄደች።

አክስቷ አበበች ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት። ባሏን ከቀበረች ስድስት ዓመት ሆኗታል። መርሳ ላይ በዋናው መንገድ ዳር ጁስ ቤት አላት፤ የማንጎና የፓፓያ ክምር በር ላይ፣ ሁለት መፍጫ ባንኮኒው ላይ፣ ጓሮው ውስጥ ደግሞ ማንጎ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበሮች። ናርዶስ ስትደርስ ጓሮው ሰው ሞልቷል። ሁሉም ወረቀት ይዘዋል።

«እንኳን መጣሽ» አለቻት አበበች ፓፓያ እየላጠች። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እየጠበቁሽ ነው።»

«ለምን?»

«ኮከባቸውን እንድታይላቸው።»

ናርዶስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች። «እቴቴ፣ ኮከብ ቆጣሪ ናት ብለሽ ነው ያወራሽው?»

«እኔ እንደሱ አልወጣኝም። የኮከብ ዶክተር ናት ነው ያልኩት። የሰው ዶክተር ሰው ያያል፣ የከብት ዶክተር ከብት ያያል። አንቺስ ዝም ብለሽ ነው የተማርሽው?» ብላ መፍጫውን አስነሳች። መፍጫው ሲጮህ ከአበበች ጋር መከራከር እንደማይቻል ናርዶስ ከልጅነቷ ታውቃለች።

ከወንበሩ ጫፍ ጎረቤታቸው ዙልፋ ተቀምጣለች፤ ጨርቅ ነጋዴ ናት። ናርዶስን ስታይ አፈረች። «እኔ በዚህ ነገር አላምንም፤ በሃይማኖቴም ሐራም ነው። እህቴ ናት የላከችኝ» አለች።

«እህት የላትም» አለች አበበች ከውስጥ።

ናርዶስ ሰዎቹን በሙሉ ልታባርር አፏን ከፈተች። ወዲያው የሀይሉ ቅጽ ትዝ አላት። ተሰብሳቢ፣ ፊርማ፣ ፎቶ። አፏን መልሳ ዘጋችና፣ «ዛሬ አይሆንም» አለች። «የሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ኑ። ስለ ከዋክብት የማውቀውን ለሁላችሁም ባንድ ላይ እነግራችኋለሁ።» ያሰበችው ስለ ሐብሩ ሕዝብ አልነበረም፤ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። እሷም በኋላ ይህን አልካደችም።

እሑድ ስልሳ ስምንት ሰው መጣ። ሹፌሮች፣ ፍራፍሬ ሻጮች፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ያላወለቁ ሴቶች፣ ከሲሪንቃ ድረስ በእግራቸው የመጡ ሁለት ገበሬዎች። አበበች ጁስ ያልያዘ ሰው ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ አስጠነቀቀች። ናርዶስ ገና ላፕቶፗን ስትከፍት ሰዉ ሁሉ ዞሮ ወደ በሩ ተመለከተ።

መሪጌታ ፈንታው ገቡ። ጥቁር መነጽር፣ ነጭ ጋቢ፣ የተጠቀለለ ጃንጥላ። መርሳና አካባቢዋን ለሠላሳ ዓመት ኮከብ የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ለውጠው ደምረው፣ በአሥራ ሁለት ገድፈው፣ በቀሪው ዕድሉን ይነግሩታል። የኮከብ ዶክተር መጣች ከተባለ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቤታቸው ጭር ብሏል። የሆነች ልጅ ገበያቸውን በፓፓያ ጁስ ስትወስድባቸው ዝም ብለው አያዩም።

«ቦታ አለ?» አሉ።

«ጁስ ላዘዘ አለ» አለች አበበች።

«ማንጎ» አሉና ከፊት ተቀመጡ።

ናርዶስ ጀመረች። ከዋክብት ከጋዝ ደመና እንዴት እንደሚወለዱ፣ ደመናው በራሱ ክብደት እየተጨማደደ፣ እየጋለ፣ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚቀጣጠል ነገረቻቸው። ሥዕሎቹን አሳየች። ሰዉ ወደደው። አንድ ሹፌር እዚህ ያለው ሰማይ እንዲህ የማይታየው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቀ። ዙልፋ «ሱብሐነላህ» አለች፤ እህቷን ረስታታለች። ናርዶስም ሞቅ አላትና መናገር የማይገባትን ተናገረች፦ «እኔ በራሴ ሥራ ሃምሳ ሁለት ጋላክሲዎች መሞታቸውን አረጋግጫለሁ።»

መሪጌታ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከመጡ ጀምሮ ሲጠብቁ የነበሩት ይህን ነው።

«መሞታቸውን በምን አወቅሽ?» አሉ።

«በቀለማቸው። ቀይ ሆነዋል።»

«ሄደሽ አይተሻል?»

«መሄድ አይቻልም፣ በጣም ሩቅ ናቸው። ብርሃናቸው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ቢሊዮን ዓመታት ይፈጃል።»

«እንግዲህ ከሩቅ ነው ያየሽ።» መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ይህ መንገድ አስፋልት ሳይሆን በፊት፣ በበጋ መኪና ሲያልፍ፣ ከዚህ ማዶ ያለው ሰፈር በሙሉ ቀይ ሆኖ አይታይም ነበር? ሰዉ ሞቶ ነበር?» ተመልሰው ወደሷ ዞሩ። «ያንቺ ጋላክሲ አቧራ የለውም?»

ናርዶስ ለአፍታ እውነትም አንድ ነገር ጠረጠረች። «መሪጌታ፣ እርስዎ ለእንግሊዝ አገር መጽሔት ጽሑፍ ይገመግማሉ?»

«ምን?»

«ምንም አይደለም።»

ስልሳ ስምንት ሰው እያያት ነው። ዘጠኙ ገጽ በቃሏ አለ፤ ስታሳምረው የከረመችው ነው። በትልልቅ ቃላት ብትወረውርባቸው መሪጌታም ሕዝቡም አይመልሱላትም ነበር። አፏን ስትከፍት ግን ከዘጠኙ ገጽ አንዱም መስመር ለእኚህ ሰውዬ ጥያቄ መልስ እንዳልሆነ ተሰማት። ለገምጋሚውም እንዳልሆነ ያኔ ገባት። ጆሮዋ ጋለ።

«አቧራ አለው» አለች። «ምን ያህል እንደሆነ ግን አላየሁም። ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። ስለዚህ ስንቱ እንደሞተ አላውቅም።»

ከኋላ አንዱ ሹፌር፣ «ይህን ለማለት ነው ደቡብ አፍሪካ ድረስ የሄደችው?» አለ። ሰው ሳቀ። መሪጌታ ማንጓቸውን ጨርሰው፣ ለአበበች ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ። እሳቸውን ተከትለው የሄዱ ወረቀት የያዙ ሰዎች ጥቂት አልነበሩም። የቀሩት በሰልፍ ፈረሙ፤ አንዷ ሴትዮ ለናርዶስ ስላዘነችላት ሁለት ጊዜ ፈረመች።

ሀይሉ ሰኞ ዕለት ፎቶውንና ፊርማዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። «ከዶሮዎቹ በለጥሽ» አላት።

«እነሱ አራት ሺህ ናቸው እኮ።»

«ዶሮ አይፈርምም» አለ ሀይሉ።

ኮምፒውተሩ ለሷ ቀረ። ናርዶስ ዘጠኙን ገጽ አጠፋችና ምስሎቹን ማውረድ ጀመረች። ሦስት ሳምንት ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንዳንዴም ከመጀመሪያው ይጀምራል። እሷም እንደ ሞግዚት አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጋላክሲዎች ሙት ሆነው ሲገኙ ገምጋሚውንም መሪጌታንም በሆዷ ሰደበቻቸው። ሰባተኛው ግን እንደ ፋኖስ በርቶ ወጣ። አቧራው ውስጥ ሆኖ በየዓመቱ መቶ ፀሐይ የሚሠራ ጋዝ ወደ ኮከብ ይለውጣል፤ እሷ ግን ቀብራዋለች። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ እያየችው ስትቆይ ደስታ ነገር ወረራት፤ ቡና እንኳ ሳትጠጣ እስከ ምሳ ሰዓት ዓይኗን ከላዩ አላነሳችም። መጨረሻ ላይ ከሃምሳ ሁለቱ አሥራ አራቱ በሕይወት ተገኙ። ለሦስተኛው ገምጋሚ የላከችው መልስ አጭር ነበር፦ «ልክ ነዎት፤ ሙታኑ ሠላሳ ስምንት ናቸው።»

በዚያው ሳምንት የኮሌጁ ጥበቃ አንድ እንግዳ ይዞላት መጣ። መሪጌታ ፈንታው ናቸው፤ ከመርሳ በሚኒባስ መጥተዋል። የመጡበትን ሳይናገሩ ብዙ ቆዩ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ፣ ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉ።

«ገበያዎ ተመለሰልዎት?» አለች ናርዶስ።

«ተመለሰ።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። «በሠላሳ ዓመት አላውቅም ብዬ አላውቅም። በኛ ሙያ የለም። አንቺ በሰው ፊት ስትይው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። አሁን የመጣሁት እንድትነግሪኝ ነው፤ እናንተ ስትሳሳቱ ምን ታደርጋላችሁ?»

«እንጽፈዋለን። የቀድሞው ልክ አልነበረም፣ ልኩ ይህ ነው ብለን ስማችንን እናኖርበታለን።»

«ሰው አይስቅም?»

«ይስቃል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ ነገሯት። የሃያ አራት ዓመት ደቀ መዝሙር ሳሉ አንዲት የመርሳ ልጅ ሊያገቡ ፈልገው ነበር። ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት የኔታቸው ኮከባቸውን ቆጠሩላቸውና፣ አይገጥምም፣ ከተጋባችሁ አንዳችሁ ትሞታላችሁ አሏቸው። ተዉት። እሷም ሌላ አገባች። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ለብቻቸው ተቀምጠው ሒሳቡን ደገሙት። የኔታቸው የልጅቱን ስም በዓይኑ ዐ ነበር የቆጠሩት። ስሟ ግን ከአበባ የወጣ ነው፤ አበባ የሚጻፈው በአልፋው አ ነው። የሁለቱ ፊደላት ቁጥር ለየቅል ነው። በአልፋው ሲደመር ኮከባቸው ይገጥም ነበር።

ናርዶስ ስሙን ለመገመት ጊዜ አልፈጀባትም። «እቴቴ ናት?»

«አበበች ናት።»

«ነግረዋታል?»

«ባል ነበራት። በኋላም... የኔታን ማዋረድ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ነው።»

ናርዶስ ኮከብ ቆጠራው ራሱ በአልፋውም ሆነ በዓይኑ እንደማይሠራ ልትነግራቸው ከከንፈሯ ደርሶ ተወችው። ሰውየው አንድ እርማት ለማድረግ መጥተዋል፤ ሁለት ማሸከም ግፍ መሰላት። «ይንገሯት» አለቻቸው። «ሌላው ይደረስበታል።»

ቅዳሜ አብረው ወደ መርሳ ወረዱ። የገበያ ቀን ስለነበር ጁስ ቤቱ ሞልቷል። መሪጌታ ባንኮኒው ፊት ቆመው፣ ጃንጥላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አበበች መፍጫውን እስክታጠፋ ጠበቁ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ ስለ የኔታ፣ ስለ ዐ፣ ስለ አ። ድምፃቸውን ዝቅ ለማድረግ ሞክረው ነበር፤ ግን አንድ ሹፌር በደንብ ለመስማት ወንበሩን ሲያስጠጋ ሁሉም አየው።

አበበች ቢላዋውን ይዛ አዳመጠቻቸው። ሲጨርሱ፣ «በፊደል ነው የቀረኸው?» አለች። ለወትሮው በሰው ፊት አንቱ ነበር የምትላቸው።

«በፊደል ነው።»

«እኔም ደግሞ ሽማግሌ ይመጣል ብዬ ሦስት ወር ጠጉሬን ስሠራ ከረምኩ።» ሹፌሩ ሳቀ። አበበች ቢላዋውን ወደሱ ስታዞር ዝም አለ። «ለነገሩ ብትልክም እምቢ ነበር የምልህ። አፍንጫህ አያምረኝም ነበር።»

መሪጌታ አፍንጫቸውን ነካ አደረጉ። «አፍንጫዬ?»

«አዎ። አሁን ተቀመጥ፤ መንገድ ዘግተሃል። ማንጎ ነው ፓፓያ?»

«ማንጎ» አሉና ተቀመጡ። ከዘመናት ሸክም የተገላገለ ሰው ፊት ነበራቸው፤ ትንሽም ቅር ብሏቸዋል። ጁሳቸውን በዝግታ ጠጡ። የዙልፋ ሱቅ በር ላይ አንድ ሰው ኮከቡን እንዲያዩለት ወረቀት ይዞ ሲጠብቃቸው አይተው ተነሡ፤ ሲሄዱም፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ብመጣስ?» ብለው ጠየቁ።

«ጁስ ቤት ነው» አለች አበበች። «የሚመጣውን አልከለክልም።»

ሰዉ ቀለል ሲል ናርዶስ ባንኮኒው ውስጥ ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። አክስቷ ፓፓያውን ልጣ ሳትጨርስ አስቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር።

«እቴቴ፣ ተናደድሽ?»

«አይ። አብሽሪ።» ቢላዋውን መልሳ አነሣች። «አፍንጫው ግን ምንም አልነበረውም» አለች።